ጎርፉ የተሸከመው፦ የቆቦ ሜዳ የውሃ እውቀት ታሪክ

ቆቦ በምዕራብ በኩል የግዳንና የላስታ ደጋ ቀጥ ብሎ ቆሞባት፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከአፋር ቆላ ለይተዋት፣ በሁለቱ መካከል በተነጠፈ ሰፊ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ በ1,400 እና በ1,500 ሜትር መካከል ይገኛል። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ፣ አንዳንዴ አንዱን ዘሎ፣ አንዳንዴም በጥቂት ቀናት ተደፍቶ የሚያልቅ ነው። እንደ ደገሌትና ጅጉርቲ ያሉት የአገሬው የማሽላ ዘሮች ግን በሚያዝያ ተዘርተው እስከ ኅዳር መሬት ላይ የሚቆዩ ናቸው። ስሌቱ አይገጥምም። ሜዳው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻውን እንዲህ ያለ ማሽላ በየዓመቱ የሚያደርስ ቢሆን ኖሮ፣ የዚህ የራያ ቆላ ገበሬ ሌላ ውሃ ፍለጋ ያን ያህል ባልደከመ ነበር። ሌላው ውሃ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሳል፦ የቆቦ ሰው ለዘመናት ሲጠልፍ የኖረው ውሃን ብቻ ሳይሆን ውሃው የተሸከመውንም ነው፤ ከደጅ የመጡት አጥኚዎችና መሐንዲሶች ግን ውሃውን በመጠኑ ብቻ ስለቆጠሩት የሜዳውን ታሪክ በግማሹ አነበቡት።

የጎርፍ ጠለፋ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉት ወንዞች በበጋ ጠጠርና አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው፣ ውሃቸው ቀጭን ወይም ጨርሶ የተሰወረ ሰፋፊ መውረጃዎች ናቸው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ቆላው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ጎርፉ ደርሶ ያልፋል፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ላነሰ ጊዜ። ገበሬው ይህን አላፊ ውሃ ለመያዝ በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ ወንዙን አግድም የሚያቋርጥ ክትር ይሠራል። ክትሩ ወንዙን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ አይደለም፤ አንድ ጎኑን ብቻ ወደ ቦዩ አፍ ይመራዋል። ከዋናው ቦይ ወደ ቅርንጫፍ ቦዮች፣ ከቅርንጫፉ ወደ ማሳ ይገባል፤ ማሳው ዙሪያውን በአፈር ድንበር ስለታጠረ ውሃው ቆሞ ይሰርጋል። ጎርፉ ሲበረታ ክትሩ ይፈርሳል፤ በአንድ ክረምት ደጋግሞ ይሠራል። መሐንዲስ ይህን መፍረስ እንደ ጉድለት ያየዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ የማይፈርስ ክትር ቢሆን ኖሮ ትልቁ ጎርፍ ከነቋጥኙ ወደ ማሳው በገባ ነበር። ክትሩ የሚፈርሰው ማሳው መቀበል የማይችለው ውሃ ሲመጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ወንዙ ወደ ራሱ መንገድ ይመለሳል። ሥራው በደቦ ነው፤ ተራ የሚያስጠብቀውና ጠቡን የሚዳኘው ተጠቃሚዎቹ የመረጡት የውሃ አባት ነው። ጎርፍ ሌሊት ከቀን ስለማይለይ የእሱ ሥልጣን በሰዓት የተወሰነ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ጎርፉ ወደ ማሳ የሚገባው ጭቃ ሆኖ ነው። ከደጋው የተሸረሸረው የባዛልት አፈር፣ ከግጦሹ የታጠበው እበት፣ ቅጠልና ብስባሽ አብሮት ይወርዳል። ውሃው ማሳው ላይ ሲቆም ከባዱ አሸዋ ቀድሞ ቦዩ አፍ አካባቢ ይቀራል፤ ረቂቁ ደለል ወደ ውስጥ ዘልቆ በስስ ንጣፍ ይተኛል። ገበሬው የወቅቱን የመጀመሪያ ጎርፍ ከኋለኞቹ የሚለየው በዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ደጋውን ጠርጎ ስለሚመጣ ፍግ የበዛበት ነው። አሸዋ የሚያመጣውን ጎርፍ ግን ቦዩን ዘግቶ እንዲያልፍ የመተው ጥበብ ነበረ፤ አሸዋ የለበሰ ማሳ ለዓመታት ይሰንፋልና። እንግዲህ ውሃ የሚቀበልም የሚመልስም ሰው ዓይኑ የሚመዝነው መጠንን ብቻ አልነበረም። ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ ከየትኛው ሸለቆ እንደወረደ አይቶ ይወስናል። የራያ ቆላ ገበሬ የፋብሪካ ማዳበሪያ ለመግዛት ዘገምተኛ መሆኑን በግትርነት የተረጎሙ ነበሩ፤ ግን ማሳው በየዓመቱ አዲስ አፈር የሚቀበል ሰው ለማዳበሪያ የማይቸኩልበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዚህ ስጦታ ዋጋ የማሳው ከፍ ማለት ነበር። ደለሉ ዓመት ከዓመት ሲነባበር መሬቱ ከቦዩ እየበለጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቦዩ አፍ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው መሸሽ አለበት። ከላይ ያሉት ተጠቃሚዎችና ከታች ያሉት የሚጣሉበት አንዱ ሥር ይኸው ነው።

ከውጭ የመጣው ዓይን ሌላ ነገር አየ፤ ለዚህም ምክንያት ነበረው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ወሎን የፈጀው ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱ፣ ይህን ቆላ ከመቱት ክፉ ዘመኖች ዋነኞቹ ናቸው። ዓለም በ1977 በቴሌቪዥን ያየው የኮረም መጠለያ ከቆቦ በስተሰሜን፣ ከአላማጣ በላይ ዳገቱን እንደወጡ ነው። ደጋው ካልዘነበ ቆላው ጎርፍ የለውም፤ ጎርፍ ጠላፊ ገበሬም እንደማንኛውም ሰው ተራበ። ስለዚህ ከዝናቡ የማይወላውል ውሃ ፍለጋው ተገቢ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቆቦ አላማጣ የእርሻ ልማት ፕሮግራም በተባለው ሥር የጀርመን አማካሪዎች ሸለቆውን አጠኑ። ከደርግ በኋላ ደግሞ በራያ ሸለቆ ሰሜናዊ ክፍል ጎርፉን በኮንክሪትና በብረት በር ለመጥለፍ ተሞከረ። ውጤቱ ለዚህ ክርክር ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ይመስለኛል። ከተሠሩት ዘመናዊ መጥለፊያዎች በርከት ያሉት በደለልና በድንጋይ ተሞሉ፤ በሮቹ ተደፈኑ፤ ገበሬዎችም በአንዳንድ ቦታ ከኮንክሪቱ ጎን ወደ ድንጋይና እሾህ ክትራቸው ተመለሱ። ጥፋቱ የሲሚንቶው አይደለም። ንድፉ ለጠራ የወንዝ ውሃ የተሠራ፣ የሚመጣው ግን ጠጣር የተሸከመ ጎርፍ መሆኑ ነው። የውሃው መጠን በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ተሰልቶ ነበር፤ የሸክሙ ነገር ግን በቅጡ አልታሰበም።

ሁለተኛው መልስ ጎርፉን ጨርሶ መተው ነበር። የሸለቆው ወለል ከተራራው በወረደ ጠጠር፣ አሸዋና ሸክላ የተሞላ ጥልቅ ገበታ ስለሆነ ከሥሩ ብዙ ውሃ አለ። በ1990ዎቹ (ዓ.ም) መጀመሪያ የአማራ ክልል የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራምን አቋቋመ፤ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውሃው በፓምፕ ወጥቶ በቱቦ ወደ ጠብታና ወደ ርጭት መስኖ ገባ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በርበሬ የሜዳው ሰብል ሆኑ፤ በአንዳንድ ማሳ ጤፍም ከክረምት ውጭ ታየ። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ የጠራ ነው፤ ጭቃ የለውም፤ ስለዚህ ቱቦ አይደፍንም። መጥራቱ ግን ሸክም የለውም ማለት አይደለም። ደለል የሌለው ውሃ የሟሟ ጨው አለው። ጎርፍ ከድንጋዩ ጋር የሚነካካው ለሰዓታት ስለሆነ የሚያሟሟው ጥቂት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ግን በዓለቱና በሸክላው ውስጥ ለዓመታት፣ ከዚያም ለበለጠ ዘመን ስለሚቆይ ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ክሎራይድ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከተራራው ሥር በራቀና በቆየ መጠንም ይብሳል። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም የሟሟ ጨው አለ እንበል፤ ይህ ለመጠጥ የማያስነውር ውሃ ነው። አንድ ሄክታር ማሳ በአንድ የመስኖ ወቅት 500 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ገባበት ማለት ነው። ተክሉና ፀሐዩ ውሃውን ወደ ሰማይ ይመልሱታል፤ ሁለት ቶን ተኩል ጨው ግን መሬት ላይ ይቀራል። ጠብታ መስኖ ደግሞ ውሃ ቆጣቢ በመሆኑ ጨውን ወደ ታች የሚያጥበው ትርፍ ውሃ አይሰጥም፤ ጨው ከረጠበው አፈር ዳር ዳር ይሰበሰባል፤ በርትቶ ሲዘንብ ወይም ጎርፍ ማሳው ላይ ሲተኛ ግን ይታጠባል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የቆላው ሰው ጨውን ያውቃል የሚል ነው። እውነት ነው። ከአፋር ቆላ የተቆረጠው አሞሌ ጨው ወደ ደጋው ሲወጣ የኖረው ከዚህ ብዙም በማይርቁ መንገዶች ነው፤ ለዘመናትም እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ከብት የሚልሰው ቦሌ የት እንደሚገኝ እረኛ ያውቃል፤ የማሳ ዳር ነጭ ሲለብስ ምን እንደሆነ ለገበሬ የሚነግረው አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ይህ እውቀት የሚሠራው ጨው ከታየ ወይም ከተቀመሰ በኋላ ነው። ምላስ ጨውን የሚለየው በሊትር ጥቂት መቶ ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው፤ ከላይ የሠራነው ሒሳብ ደግሞ እንደሚያሳየው ለመጠጥ የማያስነውር ውሃ በዓመታት ውስጥ በቶን የሚቆጠር ጨው ያራግፋል። ነጩ ሲታይ መሬቱ ቀድሞ ተጎድቷል። የደለል ሸክም በዓይን ይመዘን ነበር፤ የሟሟ ሸክም ግን የሚመዘነው በመሣሪያ ነው። በተለመደው መንገድ በውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ የማስተላለፍ አቅሙን በማንበብ፣ ዝርዝሩንም ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ በመላክ ይታወቃል። በዚህም ከጎርፍ ወደ ጉድጓድ መሻገር የመስኖ ቴክኒክ መለወጥ ብቻ አልሆነም፤ ውሃን የመዳኘት ሥልጣን ከውሃ አባት ዓይን ወደ ባለሙያ ወረቀት ተሻገረ። የቆቦ ታሪክ ጸሐፊ ቢኖር ከዘመኑ ለውጦች ትልቁ ብሎ መመዝገብ ያለበት ይህንን ነው እላለሁ፤ ከፓምፑም ከቲማቲሙም በላይ።

በመሣሪያ የሚለካው ሳይንስ ራሱ ግን ውሃንና በውስጡ የሟሟውን ለማወቅ ምን ያህል እንደተቸገረ ማየት ይጠቅማል፤ ፈሳሽ ውሃን በቀላሉ አላወቀውም። አንድ ነገር ከምን እንደተሠራና አተሞቹ እንዴት እንደተያያዙ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ብርሃን አሳርፎበት የሚያፈናጥራቸውን ኤሌክትሮኖች ጉልበት መለካት ነው። የኤሌክትሮኑ ጉልበት ከየትኛው አተም፣ ከምን ዓይነት እስር እንደወጣ ይናገራል። ብርሃን ኤሌክትሮን ማስወጣቱን የሚያመለክተውን ክስተት ሄርትዝ በ1887 (እ.ኤ.አ.) አየ፤ አይንሽታይን በ1905 ምክንያቱን አስረዳ፤ የኡፕሳላው ካይ ሲግባን ለትንተና የሚበቃ ጥበብ አድርጎት በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ብረት፣ ማዕድን፣ ጋዝ በዚህ ተመረመሩ፤ ፈሳሽ ውሃ ግን እምቢ አለ። ኤሌክትሮን ሳይጋጭ መለኪያው ዘንድ የሚደርሰው አየር በወጣለት ባዶ ክፍል ውስጥ ነው፤ ውሃ ደግሞ በባዶ ክፍል ውስጥ ይፈላል፣ ይተናል፣ ይበርዳል። የራሱ እንፋሎት ኤሌክትሮኖቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ እንፋሎቱንና በረዶውን እየለኩ ስለ ፈሳሹ ይገምቱ ነበር። በኡፕሳላ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሌሎች ፈሳሾች ላይ ሙከራ ቢኖርም፣ የውሃው መንገድ የተከፈተው የጎቲንገኑ ማንፍሬድ ፋውበል ውሃን ከሰው ፀጉር በቀጠነ ክር መልክ ወደ ባዶው ክፍል በፍጥነት ማፍሰስ ከቻለ በኋላ ነው። ክሩ ቀጭን ስለሆነ እንፋሎቱ ጥቂት ነው፤ ፈጣን ስለሆነም በረዶ ሳይሆን ያልፋል። ፋውበልና ባልደረቦቹ በ1997 የፈሳሽ ውሃን ኤሌክትሮኖች ለክተው አሳተሙ፤ በ2004 በርንድ ቪንተርና ባልደረቦቹ በርሊን በሚገኘው ቤሲ በተባለው የብርሃን ማመንጫ ሥራውን አሰፉት። እንፋሎት ሆኖ 12.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት የሚጠይቀው የውሃ ኤሌክትሮን ፈሳሽ ሲሆን በ11.2 ገደማ እንደሚወጣ ታየ፤ ቁጥሩ ኋላ ላይ ወደ 11.3 ታርሟል። በእንፋሎት ስለ ፈሳሹ መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ልዩነቱ ይመሰክራል።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ለእኛ ጉዳይ ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ንጹሕ ውሃን ለመለካት ጥቂት ጨው ይጨምሩበታል፤ ጨው የሌለው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ ክሩ በኤሌክትሪክ ይሞላና ልኬቱን ያዛባል። እንዲህ ባለ ረቂቅ የውሃ ልኬት እንኳ የሚለካው ውሃ ብቻውን አይደለም። ሁለተኛው፣ የሟሟ ጨው በውሃው ውስጥ እኩል ተበትኖ የሚኖር አይደለም። ከ1934 ጀምሮ የኦንሳገርና የሳማራስ ስሌት ጨው ከውሃ ገጽ ይሸሻል ሲል ብዙዎች ተቀብለውት ነበር፤ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የኮምፒዩተር ስሌትና የኤሌክትሮን ልኬት ተደጋግፈው እንደ አዮዳይድና ብሮማይድ ያሉት ገጹ ላይ መገኘት እንደሚወዱ አሳዩ። «ይህ ከናኖ ሜትር የማያልፍ ነገር ነው፤ ለቆቦ ሽንኩርት ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። ምንም አያደርግለትም፤ የማሳ ጨው የሚከማቸው በትነት ነው እንጂ በአዮዳይድ ምርጫ አይደለም። የምጠቅሰው ለሌላ ነገር ነው። ፈሳሽን በፈሳሽነቱ፣ ከያዘው ጋር፣ ባለበት ሁኔታ በዚህ ጥበብ መመርመር ለሰለጠነው ላቦራቶሪ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የቆቦ ገበሬ ያደረገው ተመሳሳይ ነው አልልም፤ ግን ጎርፉን ከሸክሙ ሳይነጥል መዳኘቱ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ ትክክል አልነበረም። ውሃን ከያዘው ነጥሎ መቁጠር ለሒሳብ ይመቻል፤ በሮቻቸው የተደፈኑት መጥለፊያዎች ግን ምቾቱ ያስከፈለውን ያሳያሉ።

ጎርፉን ማወደስም ልክ አለው። ያው ጎርፍ ሰውና ከብት ይወስዳል፣ የወንዙን ዳር እየበላ ማሳ ይንዳል፤ ቆቦ ላይ የሚተኛው ለም ደለል ደግሞ ከግዳን ገበሬ ተራቁቶ የመጣ አፈር ነው። የቆላው በረከት የደጋው ኪሳራ መሆኑን የማያነሳ የጎርፍ ታሪክ ሐሰት ነው። ደጋው ላይ እርከን ሲሠራና ተራራው ሲከለል የጎርፉ ጭቃ መቅጠኑ አይቀርም፤ ይህን ማንም ፍትሐዊ ሰው አይቃወምም። የውሃ አባት ዳኝነትም ቢሆን ሁሉን እኩል አያይም ነበር፤ ከላይ ያለው ማሳ ሁልጊዜ ቀድሞ ጠጥቷል። ጉድጓዱ በበኩሉ ገበሬውን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያሳፈሰው መሆኑ የሚካድ አይደለም፤ የጓሮና የገበያ አትክልት ቆቦን ከዋናው መንገድ ገበያ ጋር አስተሳስሯታል። ግን ጉድጓድ መብራትና ነዳጅ ይፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ከተማዋ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ውስጥ ስትወድቅ መብራት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ያለ መብራት የብረት ቱቦ ብቻ ነው። ድንጋይና እሾህ እነዚህን አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የሰው ጉልበትና ሰላም ነው፤ ሁለተኛው ግን ያኔ አልነበረም።

የሚቀረው ተቃውሞ ጎርፉና ጉድጓዱ ተፎካካሪ ናቸው፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ቢቀር ምን ይጎዳል የሚለው ነው። ይህ የከርሰ ምድሩን ውሃ ምንጭ የረሳ ክርክር ነው። የቆቦ ሜዳ ከሥሩ የያዘው ውሃ ከየትም አልመጣም፦ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ተራራው ሥር በተነጠፈው ጠጠር ላይ ሲያልፍ ይሰርጋል፤ በቦይና በማሳ ተበትኖ ሲቆም ደግሞ ተጨማሪው ወደ ታች ይወርዳል። ሳይጠለፍ በጎሊና ወደ አፋር የሚወርደው ግን ለቆቦ ጉድጓድ አይቀርም። ጠለፋው ከማሳ ማጠጫነቱ ሌላ የጉድጓዱ መጋቢም ነው ማለት ነው፤ በላይ በኩል የሚገባው አዲስ ውሃ ጨውን ስለሚያቀጥን የጉድጓዱን ጣዕም የሚወስነውም እሱው ነው። በሰከንድ ስንት ሊትር ይወጣል የሚለው መዝገብ በየጉድጓዱ አለ፤ በአንድ ክረምት ስንት ጎርፍ ተጠለፈ፣ ስንቱ ቆሞ ሰረገ፣ ስንቱስ አለፈ የሚለውን ግን እስከ ዛሬ በቅርብ የሚያውቁት በክትሩ ላይ የሚያድሩት ናቸው።